ሙቀጫው የት ሄደ?

እናቴ መጀመሪያ ቆማ አየችው። ቀጥላ ወንበር ስባ ተቀምጣ አየችው። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና መልሳ አደረገችው። ከዚያ ሦስት ወር ተኩል የፈጀብኝን ሥዕል ትክ ብላ እያየች፣

«ሙቀጫዬ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እዚያው ነው እማዬ። ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነው።»

«ግማሹማ አለ። የቀረውን ነው የምልሽ።»

ምን ብዬ እንደማስረዳት ጠፋኝ። የቀረውንም ስዬው ነበር። እንዲያውም ከሥዕሉ ሁሉ አሳምሬ የሳልኩት እሱን ነበር። ከዚያ በገዛ እጄ ቀበርኩት። ይህን ብነግራት የባሰ እንደምትቆጣ ስለማውቅ «ሻይ ላፍላልሽ» ብዬ ወደ ኩሽና ሸሸሁ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ፣ እሷው ቤት ነው። የዓመቱን በርበሬ ገዝታ፣ ሳሎኑ መሀል ጆንያ ላይ ዘርግታ ስትቀነጥስ ደረስኩ። ጫማዬን አውልቄ አብሬያት ቁጭ አልኩ። (በርበሬ ቀንጥሶ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሸ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዓለም አለ፤ እሱን ልለፈው።) አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ውጭው ሲጨልም መብራት ሄደ። እናቴ ሥራዋን ሳታቋርጥ ሻማ ለኮሰችና ዱካ ላይ አቆመችው።

ሻማው ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ሲያበራ ሳሎኑ ጠፋ። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምረቃ ፎቶዬ፣ ሁሉም የሉም። የቀረው ዛላው ነው። እያንዳንዱ ዛላ ጀርባው ላይ አንዲት የብርሃን ጭረት ይዞ፣ ሆዱ ጠቁሮ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ውስጡ ፍም የተቀመጠበት ይመስል ቀልቷል። ለመደለዣ የመጣው ነጭ ሽንኩርት ልጣጩ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ከኋላ ሙቀጫው፣ ዘመን ያጠቆረውና ቅባት የጠጣ እንጨቱ፣ አንዱ ጎኑ ብቻ ይታያል። ቀሪው ጎኑ የት ላይ አልቆ የት ላይ ጨለማ እንደሚሆን መለየት አይቻልም።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። የወጣው ምስል ግን ሳሎኑን መልሶ አምጥቶታል፤ ሶፋውም ቴሌቪዥኑም ግራጫ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ስልኩ ጨለማን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፣ በቻለው ሁሉ ሊያርመው ይሞክራል። ያን ማታ በቀለም ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። አንድ እፍኝ ዛላ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ጠርዙ የተላጠ የቆርቆሮ ሳህን እና ሙቀጫውን ይዤ ወጣሁ። «ለፋሲካ ትመልሽልኛለሽ» አለችኝ ከበሩ ላይ፤ ሙቀጫውን እንጂ በርበሬውን እንደማትጠብቅ ከድምጿ ያስታውቃል።

ቀለም የምቀባው ማታ ማታ ነው፤ ቀን ሥራ አለኝ። ቅዳሜና እሑድ በመስኮት ብርሃን ለመሥራት የሞከርኩበት ጊዜም ነበር፤ የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት «የሰሜን መስኮት ፈልግ፣ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትምና ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም» ይላሉ። የኮንዶሚኒየሜ መስኮት ወደ ሰሜን ነው፤ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ግንቦት ላይ አንድ የሎሚ ሥዕል ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በዚያው በሰሜን መስኮት ገብታ ሎሚዎቼ ላይ ተዘረጋች። ምክሩ የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ የእኛ የሰሜን መስኮት ለመንፈቅ ታማኝ ነው፤ በቀረው መንፈቅ ከዳተኛ ነው።

በዚህ ምክንያት በመስኮት ተስፋ ቆርጬ የራሴን ሌሊት ሠራሁ። የጎረቤቶቼ ፍሪጅ የመጣበትን ካርቶን አንዱን ጎኑን ቀድጄ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ውስጡን ከመርካቶ በሜትር በገዛሁት ጥቁር ጨርቅ አለበስኩት። (እናቴ በሌላ ቀን መጥታ ጨርቁን ስታይ ደንግጣ «ማን ሞተ?» አለችኝ።) በካርቶኑ ግራ ትከሻ ላይ ቀዳዳ አበጅቼ አንድ አምፖል አስገባሁ። ለሸራዬና ቀለም ለምደባልቅበት ሰሌዳ፣ ለፓሌቴ፣ ደግሞ ሌላ አምፖል፣ ነጭ ብርሃን ያለው። ይህን ሁለተኛውን በዋዛ ማየት አይገባም። መጀመሪያ ላይ ቢጫ አምፖል ነበር የተጠቀምኩት፤ ማታ ነጭ ነው ብዬ የቀባሁት ነጭ ሽንኩርት ጠዋት ሳየው ቅቤ መስሎ አደረ።

ከዚያ ዕቃዎቹን የመደርደር ተራ መጣ። ሁለት ማታ ሙሉ ብሩሽ ሳልነካ ዕቃ እያንቀሳቀስኩ አመሸሁ። ያኔ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ሥዕል አለ፤ ስፔናዊው ኹዋን ሳንቼስ ኮታን በ1602 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሳለው፣ ዛሬ አሜሪካ ሳንዲዬጎ ሙዚየም ውስጥ የሚገኝ። የድንጋይ መስኮት የመሰለ ክፈፍ አለ። ከላይ አንድ ቢጫ ፍሬና አንድ ጥቅል ጎመን በክር ተንጠልጥለዋል፣ ከታች የተቆረጠ ሜሎንና ዱባ መሰል ኪያር ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ጥቁር ነው፤ ግድግዳ የለ፣ ክፍል የለ፣ ዝም ያለ ጥቁር። ከፍሬው እስከ ኪያሩ ዕቃዎቹ በቅስት ይወርዳሉ፤ ከሥዕሉ ገጽ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ሰውየው በ1603 ሁሉን ትቶ ሥጋ የማይበሉት የካርቱዢያን መነኮሳት ገዳም ገባ። እኔ ያንን ጎመን ባየሁ ቁጥር ሁዳዴ ትዝ ይለኛል። ጎመን እንደዚህ ክብር ሲሰጠው ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

የደረደርኩትን ፎቶ አንሥቼ ለመምህሬ ላክሁላቸው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ማታ ማታ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ተማሪዎቻቸው ጋሼ እንላቸዋለን። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ «ሙሽራዋ ማናት?»

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ አራት ሙሽራ ደርድሬ ነበር። ሳህኑ ያበራል፣ በርበሬው ያበራል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያበራል፣ ሙቀጫው ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ሳያበራም ዓይን ይስባል። አምፖሉን ዝቅ አደረግሁ። በቁራጭ ካርቶን ግማሹን ጋረድኩት። ሳህኑን ወደ ኋላ ገፋሁትና ጠርዙ ብቻ ቀረ። በርበሬውን ሰብሰብ አድርጌ ከሳህኑ ወደ ጠረጴዛው እንዲፈስ አደረግሁ። አንዱን ዛላ ሰበርኩት፤ ፍሬው ተበተነ። ነጭ ሽንኩርቱ ከፊት ሆነ፤ አንዱ ራስ ሙሉ፣ አንዱ ተፈልፍሎ። ሙሽራዋ በርበሬዋ እንደሆነች ያን ማታ ቆረጥኩ። ሙቀጫውን ግን ለማጥፋት አልደፈርኩም።

ሸራዬ ሸራ አይደለም፣ አቡጀዲ ነው። በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ኮላ አጠጥቼ፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። ከዚያ ነጩን ገጽ በርንት አምበር በሚባል፣ በአኳራጅ በቀጠነ ቡናማ ቀለም ሙሉ በሙሉ ቀብቼ፣ ሳይደርቅ በጨርቅ ብርሃን የሚሆነውን ቦታ መጥረግ ጀመርኩ። ይህን ደረጃ ከሁሉም እወደዋለሁ። መሳል ሳይሆን መጥረግ ነው፤ ጨለማው ቀድሞ አለ፣ አንቺ የምታደርጊው ከውስጡ ማውጣት ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የበርበሬው ፍሰት፣ የሽንኩርቱ ክብ፣ የሳህኑ ጠርዝ ቡናማና ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሥዕሎቼ የሚያምሩት የመጀመሪያው ማታ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ያንን ላለማጣት የሚደረግ ትግል ነው።

የዘይት ቀለም የሚታሰርበት ዘይት ከምን እንደሚወጣ ለእናቴ የነገርኳት ጊዜ ሳቀች። ተልባ ነው። ያ በጾም ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ የምንጠጣው ተልባ። የአውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ በዘብ የሚጠበቁት ብዙዎቹ ሥዕሎች የተያዙት በተልባ ነው። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» አለችና፣ እንደገና ሳቀችና፣ «እንግዲያ ሙቀጫዬን መውሰድሽ አግባብ ነው» ብላ ፈረደችልኝ።

የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠነክራል፤ እንዲያውም ሲደርቅ ክብደት ይጨምራል። የወይራ ዘይት ብትቀቡበት ዓመት ብትጠብቁም እንደረጠበ ይቆያል፤ ሁሉም ዘይት ይህ ጠባይ የለውም። ሥዕሉ ደረቀ የምንለው ዘይቱ ሌላ ነገር ሲሆን ነው። ይህ ለውጥ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ሊነድ ይችላል። እኔ ጨርቆቼን በረንዳ ላይ እንደ ልብስ ዘርግቼ ነው የማደርቃቸው። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ እድፍ እኮ በበረኪናም አይለቅም» ብለው መከሩኝ።

ከዚሁ ጠባይ የሚመጣ አንድ ሕግ አለ፦ ከሥር ያለው ድርብ ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ ይሁን። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሥሩ ገና ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዘይት ትዕግሥት አይለምንም፣ ያስገድዳል። አንድ ድርብ ቀብቼ ሳምንት እጠብቃለሁ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሥዕሉን እያየሁ እንጀራ እበላለሁ፣ እያየሁ ስልክ አወራለሁ፣ አንዳንዴ ጥፋቴን የማገኘው በመስታወት ውስጥ በድንገት ሳየው ነው፤ ተገልብጦ ሲታይ የሌላ ሰው ሥዕል ይመስላል፣ የሌላ ሰው ሥዕል ላይ ደግሞ ጥፋት ለማግኘት ማን ይሰንፋል።

ስለ ጥቁር ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ ጨለማ ማለት ከቱቦ የሚወጣ ጥቁር ይመስለኝ ነበር። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ስሙ የዝሆን ጥርስ ይሁን እንጂ ዛሬ የሚሠራው ከከሰለ የከብት አጥንት ነው፤ መልካም ቀለም ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ብቻውን በሰፊው ከተቀባ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ቀዳዳ የተበሳ ያስመስላል። እውነተኛ ጨለማ ውስጥ ቀለም አለ። አሁን ጥቁሬን የማገኘው በርንት አምበርና አልትራማሪን ሰማያዊ በመደባለቅ ነው። አምበሩ ሲበዛ ይሞቃል፣ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል። አምበር ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ለእንደኔ ዓይነት ቸኳይ ሰው ይህም ተጨማሪ ጸጋ ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ ሦስት ጥቁር አለ። የካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ስለዚህ ይርቃል። የጨርቁ እጥፋት ጥቁር መሀከለኛ ነው። የሙቀጫው ጥቁር ሞቃት ነው፣ ዕድሜ የጠጣ ቡናማ። ሦስቱን ጎን ለጎን ፓሌት ላይ ካላየኋቸው በቀር ልዩነታቸውን ለሌላ ሰው ማሳየት አልችልም። ሥዕሉ ላይ ግን ዓይን ያውቃቸዋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚያስተምሩት፦ «ዓይንሽን ጨፍነሽ እዪ።» መጀመሪያ ቀን ስሰማ የሚቀልዱ መሰለኝ። ዓይን ጠበብ ሲደረግ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የሚቀረው የትኛው ይበራል፣ የትኛው ይጨልማል የሚለው ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳየው ከሥዕሌ ውስጥ አንድ ነገር ያስቸግር ነበር። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን በርበሬዋን ላንሣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ ደስታ የሰጠችኝ እሷ ናት።

ደረቅ ዛላ ቀይ አይደለም። አንድ ሰው በርበሬ ሳይ ቢባል ቀይ ይቀባል፤ እኔም ቀባሁ፣ ፕላስቲክ መጫወቻ መሰለ። ዛላውን አንሥቼ ብርሃን ላይ አዙሬ ሳየው አብዛኛው አካሉ የደረቀ ደም ነው፣ ቡናማ ሊባል ይቀርበዋል። ቀይ የሚሆነው ብርሃን ልጣጩን አልፎ ከውስጥ ሲመለስ፣ በጠባብ ቦታ፣ በጥላውና በብርሃኑ ድንበር ላይ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨው ነጥብ ደግሞ ቀይም አይደለም፤ የአምፖሉ መልክ ነው፣ ቀዝቃዛ ነጭ፣ ትንሽ ሰማያዊ ያለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጹን በቡናማና በግራጫ ጨረስኩ። አንድ ሳምንት አደረቅሁ። ከዚያ ከዘይት ጋር ያቀጠንኩትን ጥቁር ቀይ እንደ ሻይ አፈሰስኩበት። ብርሃኑ በቀጭኑ ቀለም አልፎ፣ ከሥር ያለውን ነጣ ያለ ድርብ ነክቶ ይመለሳል፤ ልጣጩ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። ያን ማታ ዛላዎቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያስነጥሰኝ ጀመር። በርበሬው እውነተኛው ነው ያስነጠሰኝ፣ የተሰበረው ዛላ። ግን ለአንድ አፍታ ሥዕሉ ይመስለኝ ነበር።

ነጭ ሽንኩርቱ በሁለት ማታ አለቀ፤ አስቸግሮኝ የነበረው መብቀሉ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ ጫፍ አወጣ። ሌላ ገዝቼ ልተካ ስል ቅርጹ አይገጥምም። በመጨረሻ የበቀለውን በምላጭ እየቆረጥኩ ነው የጨረስኩት።

ወደ ሙቀጫው ልመለስ። እንዴት እንደወደድኩት መግለጽ ያቅተኛል። የውጭ ጎኑ ላይ የጠራቢው መጥረቢያ ምልክት አለ። ከንፈሩ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በደረጃ ያንከባለልኩት ዕለት የመጣ ነው፤ እናቴ ይህን በየዓመቱ በበርበሬ ሰሞን ታስታውሰኛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙቀጫውን ሳልኩ። ወፍራም ቀለም በስፓቱላ እያነሣሁ የእንጨቱን ሥር ተከትዬ አስቀመጥኩ። ስንጥቁን በብሩሽ እጀታ ጫርኩት። ማንም ቢያየው በእጁ ሊዳስሰው ይፈልጋል። ፎቶ አንሥቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፤ ሁሉም ስለ ሙቀጫው ብቻ መለሱልኝ።

ጋሼ ሊያዩት ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና እስኪፈላ አልተናገሩም። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ሙቀጫውን ከሩቅ ጋረዱት።

«አሁን እዪ» አሉ።

በርበሬዋ በራች። እጃቸውን አነሡ፤ ደበዘዘች። ደግመው ጋረዱት፤ በራች።

«ግን ጋሼ፣ ከሁሉ ጥሩ የተሳለው እሱ ነው እኮ» አልኳቸው።

«አየሁት። ሠርጉ ግን የማን ነው?»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አሥር ቀን ያህል ብሩሽ አልያዝኩም። የተቆጣሁት በእሳቸው ይመስለኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ነገሩ ከዚያ ጠለቅ ይል ነበር። እኔ ሥዕል ማየት የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በእናቴ እጅ ተይዤ ነው። እዚያ ሥዕል ውስጥ ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን የለም፣ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላም የለም። ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሠርቶት ጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል በፎቶ እንኳ ብታዩት፣ ብርሃኑ ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁም። ሁሉም ነገር ሙሉ ነው፣ ሁሉም ነገር ይታያል። ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ያዩሃል። በጎን የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚኖረው ክፉው ነው፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ «ዓይናቸውን ቁጠሪና ማን ማን እንደሆነ ንገሪኝ» ትለኝ ነበር። እኔም እቆጥር ነበር። አንድን ነገር ግማሹን ማሳየት ለእኔ የውበት ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የፍርድ ጥያቄ ነበር ማለት ነው። የምወደውን ሙቀጫ አንድ ዓይኑን ማጥፋት እጄን የያዘኝ ለዚህ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ያን የኅዳር ማታ አስባለሁ። ሳሎኑ የጠፋው በሻማው ምክንያት ነው፤ በርበሬዋ የበራችውም ሳሎኑ ስለጠፋ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። እኔ በርበሬዋን እያበራሁ ሙቀጫውንም ላለማጣት ስሞክር የስልኬን ሥራ እየሠራሁ ነበር።

ሱርባራን የተባለው ሌላ ስፔናዊ በ1633 እ.ኤ.አ. የሳለው በጣም የታወቀ ስቲል ላይፍ፣ ማለትም የተደረደሩ ዕቃዎች ሥዕል፣ አለ፤ ትርንጎ የመሰሉ ፍሬዎች በሳህን፣ ብርቱካን በቅርጫት፣ ጽጌረዳ ከውኃ ጽዋ ጋር፣ ከኋላ ጥቁር። ሦስት ነገር ብቻ፤ እንደ መሠዊያ ጸጥ ያለ። በኤክስሬይ ሲመረመር ግን ከሥር አንድ ሌላ ሳህን ተገኘ፤ ሠዓሊው ስሎት፣ ከዚያ ራሱ ሸፍኖታል። ያን ሳህን ምን ያህል አሳምሮት እንደነበር አስባለሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ጀመርኩ። ሞቃቱን ጥቁር በዘይት አቀጥኜ በሙቀጫው ቀኝ ጎን ላይ አሳለፍኩ። ገና ይታያል። ሳምንት ጠበቅሁ። ደገምኩ። የመጥረቢያው ምልክት ጠፋ። ሳምንት ጠበቅሁ። ሦስተኛውን ሳሳልፍ ስንጥቁ ከጥቁሩ ጋር ተዋሐደ፤ የት እንዳለ እኔው ብቻ የማውቀው ሆነ። በግራ በኩል የከንፈሩን ጠርዝ አንዲት ቀጭን መስመር ተውኩለት። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየሁ። በርበሬዋ ከጨለማው ውስጥ እየፈሰሰች ነበር። መጨረሻ ላይ በትንሿ ብሩሽ ወፍራም ነጭ አንሥቼ አምስት ነጥብ አሳረፍኩ፤ ሦስት በዛላዎቹ ላይ፣ አንድ በሳህኑ ጠርዝ፣ አንድ በሽንኩርቱ ትከሻ። ስድስተኛ ልጨምር ብዬ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

እንግዲህ እናቴ ሙቀጫዋን ልትወስድ ለፋሲካ ሰሞን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሻዩን ይዤ ስመለስ አሁንም ሥዕሉ ፊት ነበረች። ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ሙሽራ፣ ስለ ጋሼ ነገርኳት። አዳመጠችኝ። «በርበሬውስ በርበሬ ነው» አለች፤ ይህ ከእሷ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። «ግን ግማሽ ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። እውነተኛው ሙቀጫ እግሯ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ መብራት ሄደ። በመብራት መጥፋት የሚጀምርና በመብራት መጥፋት የሚያልቅ ታሪክ ፈጠራ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግን አዲስ አበባ ነው የምኖረው።

ሻማ ለኩሼ ሰጠኋት። መነጽሯ የት እንደወደቀ ልትፈልግ ሻማውን ይዛ ተነሣች፣ በሥዕሉ ቀኝ ጎን አለፈችና ቆመች። ሻማው ከሸራው ጠርዝ ጋር ተስተካክሎ፣ ብርሃኑ በገጹ ላይ ከጎን እየተንሸራተተ ነበር። በስፓቱላ ያስቀመጥኩት ወፍራም ቀለም ከሦስት ድርብ ጥቁር ሥር እንደ ትልም ብቅ አለ። ቀለም የለውም፣ ቅርጹ ብቻ ነው፦ የሙቀጫው ሆድ፣ የመጥረቢያው ምልክት በየተራ፣ ከላይ ክቡ ከንፈር።

«ውይ» አለች።

ጣቷን ዘረጋች። «እማዬ አትንኪው፣ ገና አልደረቀም» አልኩ። አልሰማችኝም፣ ወይም ሰምታኛለች። ጣቷ ከሸራው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሳይነካ፣ የከንፈሩን ዙሪያ በአየር ላይ ተከተለው። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህችንማ አንቺ ነሽ ያመጣሻት። በደረጃ ስታንከባልዪው።»

«እኔ ነኝ።»

ሻማውን ትንሽ ወደ ፊት ስታመጣው ሙቀጫው ይጠፋል፣ ወደ ጎን ስትመልሰው ይወጣል። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመችው። ሰሙ በእጇ ላይ ሲንጠባጠብ ልብ አላለችም።

መብራቱ መጣ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፣ ከታች ፎቅ የአንድ ሰው ቴሌቪዥን ጮኸ፣ ሥዕሉ ላይ በርበሬዋ ብቻ ቀረች። እናቴ ሻማዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«አጥፊው እስቲ» አለችኝ፣ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እያመለከተች።